ከዳዊቱ እስከ ንብ ቀፎው

ማለዳ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የሆሳዕና ከተማ ብርድ ገና ከመስኮቱ ሥር ሳይነሣ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ መልሼ፣ ጧፌን አብርቼና በስመ አብ ብዬ ካማተብሁ በኋላ፣ የዕለቱን መዝሙር ለመጀመር ዳዊቴን በገለጥሁ ጊዜ፣ ዓይኔ ከመጀመሪያው ቃል ሳይወርድ ሐሳቤ ከጧፉ ላይ ዐረፈ፤ ጧፉም ከሰም መሠራቱን፣ ሰሙም ከንብ መገኘቱን፣ ንቡም ዘንድሮ ከወንድሜ ቀፎ ኮብልሎ ከጎረቤቱ ባሕር ዛፍ ላይ መስፈሩን፣ ጎረቤቱም ንቡ የእኔ ነው በማለቱ ነገሩ ከሽማግሌ መድረሱን፣ ከሽማግሎቹም አንዱ ካቻምና ከእኔ የተበደረውን ሦስት መቶ ብር እንደ ዋዛ ማስቀረቱን አንድ በአንድ ሲያስታውሰኝ ቆይቶ፣ ወደ ልቤ በተመለስሁ ጊዜ ጧፉ እስከ ግማሹ ነድዷል፤ ዳዊቴ ከተገለጠበት ገጽ አልተነቃነቀም፤ እኔ ግን ከዚያ ሽማግሌ ጋር በሐሳቤ ተካስሼ፣ ረትቼው፣ ይቅርታም ሳላደርግለት ተለያይተናል።

ይህ የአንድ ማለዳ ነገር ቢሆን ኖሮ ለወግም ባልበቃ ነበር። ነገር ግን ፊደል ከቆጠርሁበት ጊዜ አንሥቶ ጠጕሬ እስከ ሸበተበት እስከ ዛሬ ድረስ፣ የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ጀምሬ እንዴት እንደ ሆነ ሳላውቅ በሐሙሱ የጨረስሁበት፣ ከአቡነ ዘበሰማያትም ስለ ዕለት እንጀራ ከሚለመንበት ቦታ ስደርስ የተሰነጠቀው ምጣዳችን ትዝ ብሎኝ ጸሎቱን በእንጥልጥል ትቼ ወደ ገበያ የወረድሁበት ቀን ቍጥር ስፍር የለውም። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እያልሁ ስጽናና ኖሬአለሁ፤ ሚስቴ ግን ሰው ሁሉ እንዲህ እንዳልሆነ ከራስዋ አብነት እየጠቀሰች አስረድታኛለች። እርስዋ ስትጸልይ ድመት ትከሻዋ ላይ ብትወጣ እንኳ አታውቅም። እኔ ግን ድመቷ ገና ከጎረቤት ግቢ ሳትነሣ አውቃለሁ።

የነፍስ አባቴን ባማከርሁ ጊዜ፣ ስለ ጸሎት ዝርውነት ብዙ ምእመን ሲያናዝዙ የኖሩ በመሆናቸው፣ ብዙም ሳይደነቁ «ዝንጋዔ ነው ልጄ፤ ስግደት ጨምርበት» አሉኝና አርባ ሰጡኝ። በማግሥቱ መስገድ ጀመርሁ። በዘጠነኛው ላይ ግንባሬ ከሰሌኑ ጋር ሲገናኝ የሰሌኑ ጠርዝ መተርተሩን አየሁ። አሁን ካልተሰፋ ነገ እስከ መካከሉ ይሄዳል ብዬ ወስፌ ፍለጋ ተነሣሁ፤ ወስፌው ከሚቀመጥበት ሣጥን ሥር ከሦስት ዓመት በፊት ጠፍቶብኝ ቤቱን ያመስሁበትን የቤት ግብር ደረሰኝ አገኘሁ፤ ደረሰኙም የዘንድሮው ግብር አለመከፈሉን አስታወሰኝ። በዚያው ዕለት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የቄሣርን ለቄሣር ከፈልሁ። የእግዚአብሔር ግን ሠላሳ አንድ ስግደት ዕዳ ቀረብኝ፤ ሰሌኑም አልተሰፋም።

የነገሩን ስም የነገረኝ ሕክምና የሚያጠና የእኅቴ ልጅ ነው። ለዕረፍት መጥቶ ከእኛ ዘንድ በሰነበተባቸው ቀናት፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ መነጽሬን ስፈልግ፣ ቡና እንዲፈላ አዝዤ ቡናው ሳይቀርብ ከቤት ስወጣ፣ አንዱን ታሪክ ጀምሬ በሦስተኛው ስደመድም ዝም ብሎ ሲመለከተኝ ከቆየ በኋላ «ጋሼ፣ አይቆጡኝ እንጂ የእርስዎ ነገር ኤዲኤችዲ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ሐኪሞች በአማርኛ ሲፈቱት የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይሉታል። ከሕፃንነት የሚጀምር፣ በዘር የመውረድ ዝንባሌው የበረታ፣ ከብዙዎቹም ጋር አብሮ የሚያረጅ ነገር ነው አለኝ። እኔም በዘር ይወርዳል ሲል አባቴን አስታወስሁ፤ አባቴ በሬ ጠምዶ ዕርሻ ከጀመረ በኋላ ቀንበሩን ትቶ የወፍ ወጥመድ ሲሠራ የተገኘ ሰው ነበር።

እንግዲህ መመርመር ይገባል ተባለና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዤ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለመሄድ ቈረጥሁ። አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ የሚያፍርበትም ብዙ ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ስጠይቅ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አማኑኤል ዘንድ ጕዳይ አለኝ» ብቻ አልሁ። ወሩ 28 ሊሆን ሁለት ቀን ቀርቶት ስለ ነበር ባልደረቦቼ ስለት ልስጥ የምሄድ መሰላቸው። አንዷ ለጧፍ የሚሆን ኀምሳ ብር አስጨበጠችኝ፤ ሒሳብ ሹሙ ልጁ ከደቡብ አፍሪካ መንገድ በሰላም እንዲደርስ ማሳሰቢያ ጻፈልኝ፤ ጎረቤቴም ዘርፍ ያለው የስለት ጥላ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣች። እውነቱን ለመናገር አፌን ስከፍት እንባ አቅርራ አየኋትና አፌን ዘጋሁ። በዚህ ዓይነት ጥላውን በብብቴ ይዤ ከሐኪሙ ፊት ቀረብሁ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ትምህርቴ፣ ስንት ነገር ጀምሬ ስንቱን እንደ ፈጸምሁ እየጠየቀ ይጽፋል። ምርመራው አልቆ ተሰናብቼ ወደ በሩ ከሄድሁ በኋላ ጥላውን ይዞ ተከትሎኝ ወጣ፤ ረስቼው ኖሯል። ወደ ወንበሩ ሲመለስም በመዝገቡ ላይ አንድ ነገር የጨመረበት ይመስለኛል። የተላክሁትን ሁሉ በአቅራቢያው ላለው ለአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አደረስሁ፤ ስለዚህ በእኔ በኩል የዋሸሁት የለም።

ሐኪሙ ካስረዳኝ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው፣ ትኩረት የጐደለኝ ሳይሆን ትኩረቴ ልጓም የሌለው ፈረስ መሆኑ ነው፤ ነገሩም የዘመናችን ስልክ ያመጣው ብቻ አለመሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን ከአንድ ነገር ላይ መርጋት ስለማይችል አእምሮ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1798 ነው፤ እንግሊዛዊው ጆርጅ ስቲል በ1902 በለንደን ስለ እንደዚህ ያሉ ሕፃናት ለሐኪሞች ትምህርት ሰጥቷል፤ አሁን የሚጠራበትን ስም ግን ያገኘው በ1987 ነው። እኔ የተወለድሁት ከስሙ ቀድሜ በመሆኑ በትምህርት ቤት የተሰጠኝ ስም ሌላ ነበር፤ በዚህ ቦታ አልጽፈውም።

ይሁን እንጂ ከክራይተን በፊት ወደ 1,400 ዓመት ገደማ፣ በግብፅ በረሓ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ፣ በቀትር ስለሚመጣ ጋኔን ሲጽፍ፣ ፀሓይ የቆመች የሚመስለውን፣ ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ እንደ ሆነ ለማየት አሥር ጊዜ ከበኣቱ ብቅ የሚለውን፣ ጠያቂ ወንድም ይመጣ ይሆን እያለ መንገድ መንገዱን የሚያየውን መነኩሴ እንዴት አድርጎ እንደ ሣለው ባነበብሁ ጊዜ፣ ይህ ሰው በዓርብ ጾም የቅዳሴውን መውጫ ስጠብቅ የት ሆኖ አየኝ አልሁ። የእኛም ሊቃውንት ከመጽሐፈ መነኮሳት ማር ይስሐቅንና አረጋዊ መንፈሳዊን ሲተረጕሙ፣ ሐሳብን ስለ መሰብሰብ የሚደክሙት ድካም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሐሳቡ የሚበተንበት ሰው ባይኖር ኖሮ ስለ መሰብሰብ ማን ይጽፍ ነበር? ከዚያ ወዲህ ቅዳሴውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። ዲያቆኑ በየጥቂቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተነሡ ይላል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ይላል፤ ስገዱ ይላል፤ ጸልዩ ይላል። ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ ትእዛዝ ለምን ይሆን እያልሁ እገረም ነበር፤ አሁን ግን ሥርዐቱን የሠሩት አባቶች ከሕዝቡ መካከል እንደ እኔ ያለ አንድ ሰው ስለ ንብ ቀፎ እያሰበ እንደሚቆም አስቀድመው ያወቁና ዲያቆኑን በእኔ አንጻር ያቆሙት ይመስለኛል። ጽናጽሉ ሲንሿሿ፣ ዕጣኑ ሲያልፍ፣ ደወሉ ሲመታ፣ ከጆሮና ከአፍንጫ እየያዙ ወደ ቤት እንደሚመልሱት ከብት ተመልሻለሁ።

ይህንኑ ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው ፈገግ አሉ። ከዚያም ዙሪያቸውን አይተው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «እኔም ብሆን ባለፈው በዓል መቅደስ ውስጥ ቆሜ ላሚቱ ወልዳ ይሆን እያልሁ ነበር» አሉኝ። አርባውን ስግደት አነሡልኝና ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት እያጠርሁ እንድይዝ ፈቀዱልኝ። ሐኪሙም ረዥሙን ሥራ ቈራርሰህ ሥራው ብሎኝ ነበር። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ ማዘዣ ጻፉ። ላሚቱ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ወንድ ጥጃ ወልዳለች።

በእኛ ከተማ ግን ምክር የሚሰጠው የነፍስ አባት ብቻ አይደለም። ሆሳዕና ከኦርቶዶክሱ በላይ የቃለ ሕይወት፣ የመካነ ኢየሱስ፣ የሙሉ ወንጌልና የካቶሊክ ምእመናን የበዙባት ከተማ ናት፤ አንዱ አጥር ውስጥ ዳዊት ሲደገም ከሚቀጥለው አጥር መዝሙር ይሰማል። ጎረቤቴ ወንጌላዊው ችግሬን በሰማ ጊዜ «ወንድሜ፣ ከመጽሐፍ ስለምታነብ ነው፤ ከልብህ አፍልቀህ ብትጸልይ ልብህ የት ይሄዳል?» ብሎ ወደ አዳር ጸሎት ጋበዘኝ። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ ሄድሁ። መሪው የጸሎት ርእስ ከሰጠ በኋላ አዳራሹ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ መጸለይ ሲጀምር ጐርፍ የመጣ ይመስላል። የእኔ ጆሮ ደግሞ ጐርፉን እንደ ጐርፍ መስማት አይሆንለትም፤ ጠብታውን ሁሉ ለየብቻው ይቀበላል። በስተቀኜ ያለችው እናት በሀዲይኛ ዋዓ እያለች ፈጣሪን ስትለምን፣ በስተግራዬ ያለው ወጣት ስለ መውጫ ፈተናው ሲያለቅስ፣ ከኋላዬ ያለው ሽማግሌ ስለ ታመመች ልጁ ሲማልድ፣ የእኔ የራሴ ልመና ከእግሬ ሥር ጠፋና ሌሊቱን ሙሉ የሰውን ልመና አሜን እያልሁ አነጋሁ። ከንጋቱ በፊት ደግሞ የጣራውን ቆርቆሮ ምስማሮች ቈጥሬ ጨርሼ ነበር፤ በሦስተኛው ረድፍ አንዱ ጐድሏል። ለወንጌላዊው ነግሬው አስመታው። ያ ወጣት ፈተናውን እንዳለፈ ከወር በኋላ በባጃጅ ውስጥ አግኝቶ ነገረኝ፤ እኔም የራሴ ልጅ ያለፈ ያህል ደስ አለኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከምባታ ውስጥ ባለው በአምባሪቾ ተራራ ላይ ተፈተንሁ። ቁመቱ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን ይህን ተራራ የአገሩ ልጆች 777 ደረጃ ሠርተው ለወጪ ወራጁ አመቻችተውታል። በየደረጃው አንድ እግዚኦታ ብል ጫፉ ላይ ስደርስ የዓመቱን ጸሎት እጨርሳለሁ ብዬ ተሳልሁ። በ112ኛው ላይ ይህ ሁሉ ድንጋይና ሲሚንቶ በማን ትከሻ ወጣ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሒሳቡን ስሠራ ጫፉ ደረስሁ። የአገሩን አረንጓዴነት፣ እንሰቱን፣ የዱራሜን ቆርቆሮ ጣራዎች ቁልቁል ባየሁ ጊዜ አንድ ጊዜ «እግዚኦ» አልሁ፤ እርሱም ያልቆጠርሁት ነው።

መድኃኒቱን ባልጠበቅሁበት ቦታ ያገኘሁት በከምባታዋ አንጋጫ ነው። ሚስቴ የዚያ አገር ልጅ ናት፤ እናትዋ የቃለ ሕይወት ምእመን፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የማያንስ፣ እጃቸው ግን ገና ያላረጀ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ከጓሮ እንሰት ሲፍቁ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ዘንበል ባለው ሳንቃ ላይ የእንሰቱን ቅርፊት አስደግፈው፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው በተረከዛቸው ተጭነው ይዘው፣ በቀርከሃው መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይስባሉ፤ ውኃው ይንጠባጠባል፤ ነጩ ሥጋ ከታች በተነጠፈው ቅጠል ላይ ይከመራል፤ ጭረቱ ብቻ ከሳንቃው ላይ ይቀራል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በአንድ ስበት አንድ ስም፦ ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቁ ልጅ፣ ከርሱ ቀጥሎ የሄደው፣ ሆሳዕና ያለችው ልጅ፣ የእርስዋ ባል (ይኸው እኔ)፣ ከዚያም ከጎረቤት ያለችው አራስ፣ ከዚያም እግርዋን የሰበረችው ፍየል። ፍየሏን በሰማሁ ጊዜ ሣቅሁና በሚስቴ አስተርጓሚነት «እማማ፣ በጸሎት መካከል ፍየል ትዝ ሲልዎት ጸሎቱ አይበላሽብዎትም?» አልኋቸው።

መፋቂያውን ሳያቆሙ «ትዝ ያለችኝ እግርዋ ስለ ታመመ ነው፤ ስለ ታመመም ጸለይሁላት። ምን ተበላሸ?» አሉኝ።

እኔ ያን ሁሉ ዘመን የመጣውን ሐሳብ ሁሉ እንደ ሌባ ከበር ሳባርር፣ እርሳቸው ግን እንደ እንግዳ እያስገቡ፣ ሁሉንም በየተራው እያስባረኩ ይሸኙ ኖሯል። እንዲያውም ትኩረት ማለት ምን እንደ ሆነ ከሐኪሙ ይልቅ ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። በከምባታና በሀዲያ አሮጊቶች ዘንድ፣ ዛሬ እየቀረ መጣ እንጂ፣ ባልሊሻ የሚባል ልማድ አለ፤ ያገባች ሴት የአማቶችዋን ስም መጥራት ነውር ስለሆነባት፣ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትታ ሌላ ቃል ትተካለች። አማትዋ ስሙ እንበልና በ«ማ» የሚጀምር ቢሆን፣ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል በሙሉ ከአፍዋ ይጠፋል ማለት ነው። እርሳቸው በሙሽርነታቸው ዘመን እንዲህ እየተጠነቀቁ ሲናገሩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ቃል ሳያስቡባት ከአፋቸው አትወጣም ነበር። «ምላሴን ስጠብቅ ልቤም አብሮ ይጠበቅ ነበር» አሉ። በገዳም ሰባት ዓመት አርምሞ የያዘ መነኩሴ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይናገር እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ። እኔ ይህን ልማድ ለመሞከር በቤቴ አንድ ቀን በ«አ» የሚጀምር ቃል ላለመናገር ወሰንሁ፤ ቁርስ ሳይቀርብልኝ ቀረ፤ ሚስቴም ተቀይሜ መሰላት።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴን እጄ ሥራ ሲይዝ አደርገዋለሁ። ጫማ እያጸዳሁ፣ ቡና እየቈላሁ፣ ሰሌኑንም ለመስፋት እያሰብሁ። ንቡ ሲመጣ ስለ ወንድሜ እላለሁ፤ ሽማግሌው ሲመጣ፣ ሦስት መቶ ብሩ ቢቈጨኝም፣ ስለ እርሱ እላለሁ። በእውነት ለመናገር ስለ እርሱ ስጸልይ ገንዘቡን ቢመልስ መልካም መሆኑን ለፈጣሪ ሳላሳስብ ያለፍሁበት ቀን ገና የለም።

ጀምሮ ስለ መፈጸም ካነሣሁ፣ የከተማችን ሆስፒታል በስምዋ የተጠራላት ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ልጅ ነበረች። ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እስከ ልብነ ድንግል ድረስ በቤተ መንግሥት ኖራ፣ ለሕፃኑ ንጉሥ እንደራሴ ሆና፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ልካ፣ በዚያ ሁሉ ሁከት መካከል ሁለት የመንፈሳዊ ነገር መጻሕፍት እንደ ደረሰች ይነገርላታል። በሆስፒታሉ በር ባለፍሁ ቍጥር፣ ይህን ያህል የመንግሥት ጕዳይ በራስዋ ላይ ተሸክማ መጽሐፍ የፈጸመች ሴት የአገርዋን ሰው አንድ መልክዕ መፈጸም እንዳቃተው ብትሰማ ምን ትል ይሆን እላለሁ፤ ከዚያም ጸሐፊ ሳይኖራት አይቀርም ብዬ እጽናናለሁ።

ባለፈው ወር ለለቅሶ ወደ ዱራሜ ሄጄ ስመለስ፣ በመናኸሪያው ሚኒባስ ውስጥ መሙላቱን ስጠብቅ ሠርክ ደረሰ። የሠርክ ጸሎቴን ልጀምር ብል ግፊያው፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የቆሎ ሻጩ ጥሪ አላስቆም አለኝ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሆሳዕና! ሆሳዕና! ሆሳዕና!» ይላል። ከተማችን ቀድሞ ዋቸሞ ትባል እንደ ነበርና ይህን ስም ያገኘችው ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና ዕለት ስለ ገቡባት እንደ ሆነ ሽማግሎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ቃሉም ከዕብራይስጥ የመጣና እባክህ አድነን ማለት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ወጣት ለአንድ ጐዶሎ ወንበር ሲል ጕሮሮው እስኪነቃ ፈጣሪን አድነን እያለ እንደሚጮኽ እስከዚያች ሰዓት ልብ አላልሁም ነበር። መቍጠሪያዬን ከኪሴ አወጣሁና ረዳቱ አንድ ጊዜ በጮኸ ቍጥር አንድ ፍሬ መግፋት ጀመርሁ፤ አርባ አንድ ሳይሞላ መኪናው እንደማይሞላ እርግጠኛ ነበርሁ። በዐሥራ ሰባተኛው ላይ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀመጡና ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ «ልጄ፣ ያዝልኝማ» ብለው እግርዋ የታሰረ ቀይ ዶሮ ከጭኔ ላይ አስቀመጡ። ረዳቱ መጮኹን አላቋረጠም፤ እኔም በአንድ እጄ ዶሮዋን፣ በአንድ እጄ መቍጠሪያውን ይዤ ቀጠልሁ። ዶሮዋ ግን ጥቂት አንገትዋን ዘንበል አድርጋ ካየች በኋላ እህል መሰላትና ከፍሬዎቹ አንዱን በኀይል ነቈረችው። ስንተኛው እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።